ከኤዲርኔ እስከ ኢስታንቡል በዝናብ



በመድረሳ ሳለን ኡስታዛችን «ሰፈር» ማለትም ጉዞ የሚለው የዐረብኛ ቃል «ገለጠ» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ መሆኑን አስተምረውን ነበር። ጉዞ ይህን ስያሜ ያገኘው የሰውን ጠባይ ስለሚገልጥ ነው ያሉ ዑለማዎች እንዳሉም ነግረውናል። በዚያን ጊዜ የሚገለጠው የባልንጀራ ጠባይ ብቻ ይመስለን ነበር። ያለ ባልንጀራ ብቻውን የሚጓዝ ሰውስ የማን ጠባይ ይገለጥለታል? የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘነው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሰው አገር፣ በዝናብ ተደብድበን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በቱርክ አገር፣ ኤዲርኔ በምትባለው ከተማ የነበረንን አጭር የመምህራን ሥልጠና ጨረስን። ወደ አገር ቤት የሚመልሰን አውሮፕላን የሚነሣው ከኢስታንቡል ሲሆን እስከ በረራው ድረስ ስምንት ቀን ነበረን። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡስ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያደርሳል። እኛ ግን ከአንድ ጠጋኝ አሮጌ ብስክሌት ገዝተን መንገዱን በእግራችን ኃይል ልንጨርሰው ተነሣን።

ደሴ ላሉት እናታችን ስልክ ደውለን አሳባችንን ስንነግራቸው በመጀመሪያ የጠየቁን «ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» ብለው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መንገደኛ ለብቻው ከሚጓዝ ከባልንጀሮች ጋር ቢጓዝ እንደሚሻል ማስተማራቸውን እናታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ያደጉ ናቸው። ዑለማዎች ይህን ሐዲስ ሲያብራሩ ዋናው ምክንያት የመንገድ አደጋና ለብቻ መሆን የሚያመጣው ችግር መሆኑን የገለጹ እንዳሉ ልንነግራቸው እንችል ነበር። መንገዱ ሰውና መኪና የማይለየው መሆኑን ልናስረዳቸውም እንችል ነበር። ይህን ሁሉ ትተን በአቋራጭ ሄድን። «ሦስት ነን፤ ሁለት የሥልጠና ጓደኞች አብረው አሉ» አልናቸው። ከሁለቱ ጓደኞች አንዱ በአውቶቡስ ሄዷል፤ ሌላው ወደ አገሩ ተመልሷል።

«አልሐምዱ ሊላህ፤ አላህ ሦስታችሁንም በሰላም ያግባችሁ» አሉን። ውሸቷ ትንሽ መስላ ታየችን። ለእናት ዕረፍት የተነገረች ናት ብለንም ለራሳችን ራሳችን ፈትዋ ሰጠን።

የሲናን መንገድ

ከኤዲርኔ የወጣነው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ነው። ኤዲርኔ ቁስጥንጥንያ እ.ኤ.አ. በ1453 ከመከፈቷ በፊት የዑስማንያ መንግሥት መናገሻ ነበረች። በዚያን ወቅት በጥገና ላይ የነበረው የሰሊሚዬ መስጊድ አራት ሚናራዎች ከከተማው ከራቅን በኋላም ዘወር ባልን ቁጥር ይታዩን ነበር። ይህን መስጊድ የሠራው ስመ ጥሩው የሕንፃ ሊቅ ሲናን ሲሆን ሥራው የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1575 ነው። የጉልላቱ ስፋት 31 ሜትር ያህል ነው። ሲናን ይህን ሲሠራ ዕድሜው ወደ 80 ዓመት የተጠጋ ሽማግሌ ነበር።

ሃቭሳ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ስናልፍ ዝናቡ ጀመረ። የአገራችን የክረምት ዝናብ ወርዶ፣ ወርዶ ያባራል፤ ከዚያም ፀሐይ ትወጣለች። የትራክያ የጥቅምት ዝናብ ግን ደቃቅ ሆኖ፣ ከነፋስ ጋር እየተጋዘ፣ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት የሚመጣ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሱፍ አበባው ማሳ ታጭዶ ጥቁር አፈር ብቻ ይታያል። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ከሰማይ የቀረው ውኃ ከመሬት ይመጣብናል። ልብሳችንን በፌስታል፣ ቁርኣናችንን ደግሞ በሦስት ፌስታል ጠቅልለን ስለነበር እነርሱ ደረቁ፤ እኛ ራስን።

በኤዲርኔ ገበያ ቱርኮች «መስት» የሚሉትን ስስ የቆዳ ካልሲ መግዛታችን ግን በጀን። በዉዱእ ላይ ሆኖ ኹፍ ያደረገ መንገደኛ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እግሩን ሳያጥብ በላዩ ላይ ማበስ እንደሚፈቀድለት በልጅነታችን በቃላችን የያዝነው ነገር ነበር። የዚያን ፍርድ ጥቅም በእርግጥ ያወቅነው ግን ጣቶቻችን በብርድ ደንዝዘው ከቧንቧ ሥር በቆምንበት ሰዓት ነው። በክፍል ውስጥ ደረቅ ሆኖ የተማርነው ፊቅህ መንገድ ላይ ምሕረት ሆኖ አገኘነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት 76 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሉሌቡርጋዝ አደርን። በከተማዋ መካከል ያለውን መስጊድ ያሠሩት ከ1565 እስከ 1579 (እ.ኤ.አ.) ዋና ቪዚር የነበሩት ሶኮሉ መሕመድ ፓሻ ናቸው፤ ሕንፃውን ያቀደው ያው ሲናን ነው። በመስጊዱ ዙሪያ መድረሳ፣ የመታጠቢያ ቤት፣ ድልድይና ለመንገደኞች ማደሪያ የሚሆን ሰፊ ግቢ ጭምር ነበረ። ማደሪያው አብዛኛው ፈርሷል። ይህ ሁሉ የተሠራው በወቅፍ ነው፤ ማለትም ባለሀብቱ ንብረቱን ለአላህ ብሎ ከራሱ ያወጣና ገቢው ለዘለቄታው ለሕዝብ አገልግሎት እንዲውል ያደርገዋል። በዚህ መንገድ ላይ ማን እንደሚያልፍ ሳያውቁ፣ ለማያውቁት ሰው ጣሪያና ድልድይ ያዘጋጁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ያን ምሽት እናታችን ደወሉ። «ጓደኞችህ እራት በሉ?» አሉን። በልተዋል አልን። «እንግዲያው የአንዳቸውን ስልክ ስጠኝ፤ ያንተ ቢዘጋ በእነርሱ እደውላለሁ» አሉ። ነገ እንሰጣለን አልናቸው። የመጀመሪያዋ ውሸት ብቻዋን መኖር አልቻለችም፤ በአንድ ቀን ሁለት ልጆች ወለደች።

በነዳጅ ማደያው መስጊድ

በሁለተኛው ቀን ቾርሉ አደርን። ሦስተኛው ቀን የከፋው ቀን ነበር። ቾርሉን አልፈን ወደ ሲሊቭሪ ስናመራ የኋላው ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫ ነበረን፤ ግን እጃችን ደንዝዞ ጎማውን ከቸርኬው ማላቀቅ አቃተን። ስልካችንን ከኪሳችን ብናወጣው ውኃ ገብቶበት ጠፍቷል። ብስክሌቱን እየገፋን፣ እየተንቀጠቀጥን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ አንድ የነዳጅ ማደያ አገኘን። በዚያ አገር በአውራ ጎዳና ላይ ባሉ ብዙ ማደያዎች መስገጃ ክፍል አለ፤ እዚያ ገባን።

በክፍሉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዙህርን ሊሰግዱ ቆመው ነበር። ዞር ብለው አዩን፤ ጠበቁን፤ ከኋላቸው ቆመን አራት ረከዓ ሰገድን። ከዚያም በሻፊዒ መዝሀብ መንገደኛ እንደሚያደርገው ዐስርን አስቀድመን ሁለት ረከዓ ስንሰግድ ሽማግሌው በመገረም ተመለከቱን፤ እርሳቸው ሐነፊ ናቸውና። ጨርሰን በተሰባበረ ቱርክኛ መዝሀባችንን ስንነግራቸው ፈገግ ብለው ትከሻችንን መታ መታ አደረጉ። ከየት እንደመጣን ጠየቁ። «ሐበሻ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ቢላል!» አሉ። የቢላል (ረ.ዐ) አገር ሰው መሆን በዚያ አገር ፓስፖርት ሳይጠየቁ የሚያስገባ ነገር ነው።

ቀጥለው የጠየቁን «ብቻህን ነህ?» ብለው ነው። አዎን፣ ብቻችንን ነን አልን። ይህን እንዳልን አንድ ነገር ወጋን። ለማናውቀው ሰው ያለ ምንም ችግር እውነቱን ነገርነው፤ ለወለዱን እናት የነገርነው ግን ውሸት ነው።

ሽማግሌው ከማደያው ጀርባ ወዳለ ሻይ ቤት ወስደው ምድጃ አጠገብ አስቀመጡን። የወንድማቸው ልጅ ጎማውን ለወጠ። ስልካችንን በጨርቅ ጠቅልለው ከምድጃው ራቅ አድርገው አኖሩት። ትኩስ የምስር ሾርባና ዳቦ ቀረበ፤ ሻዩ ስንት ጊዜ እንደተቀዳልን አናስታውስም። ሒሳብ ስንጠይቅ ሽማግሌው እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻም ብስክሌቱን በትንሽ የጭነት መኪና ላይ ጭነው እስከ ሲሊቭሪ ሸኙን። መንገዱን ሁሉ በፔዳል እንጨርሳለን የሚል ኩራት ይዘን ነበር የተነሣነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ኩራቱ የት እንደገባ አልፈለግነውም። ሲለዩን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኢስታንቡል ስትገባ «ኤዩፕ ሱልጣን» ሄደህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በዱዓህም አስበኝ።

የኤዲርኔ በር

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቡዩክቼክሜጄ ላይ ሌላውን የሲናን ድልድይ ተሻገርን። ርዝመቱ ከ600 ሜትር በላይ ሲሆን 28 ቅስቶች አሉት። ያስጀመሩት ሱልጣን ሱለይማን እ.ኤ.አ. በ1566 በዘመቻ ላይ ሳሉ ስላረፉ ሥራው የተፈጸመው በልጃቸው በሰሊም ዘመን፣ በ1567 ነው። ዛሬ ለእግረኛ የተተወ ነው። ከዚያ ወዲያ ከዋናው ጎዳና ወጥተን የማርማራ ባሕርን ዳርቻ ይዘን ሄድን። ባሕሩና ሰማዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ስለነበሩ የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም።

ወደ አሮጌው የከተማ ቅጥር ስንደርስ በቅጥሩ ሥር ወደ ሰሜን ታጥፈን ኤዲርኔካፒ ወጣን። ትርጉሙ «የኤዲርኔ በር» ማለት ነው። የ21 ዓመቱ ሱልጣን መሕመድ እ.ኤ.አ. በ1453 ከተማዋን ከፍተው የገቡት በዚህ በር እንደሆነ ይነገራል። እኛም ከኤዲርኔ ተነሥተን በኤዲርኔ በር ገባን። ልባችን ትንሽ ሞቅ ይላል ብለን ጠብቀን ነበር። ነገር ግን በሩ ላይ የሚቀበለን አንድ ሰው አልነበረም፤ ደረስን ብለን የምንነግረውም የለም። የመኪና ጥሩምባ፣ ዝናብና ጃንጥላ የያዘ የሚቻኮል ሕዝብ ብቻ። ብቻውን የሄደ ሰው ድካሙን ቢችለው እንኳ ደስታውን የሚያካፍለው ያጣል።

ፋቲሕ በሚባለው ሰፈር ርካሽ ማደሪያ ይዘን ስልካችንን ብንከፍተው፣ በአላህ ፈቃድ በራ። ከእናታችን የመጣው ጥሪ ብዙ ነው። ስንደውል በመጀመሪያው ጥሪ አነሡት። «የት ጠፋችሁ? ሦስታችሁም ደኅና ናችሁ?» አሉን። እንቅልፍ እንዳልተኙ ድምፃቸው ይናገራል። ደኅና ነን አልን። ይህ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

በማግሥቱ ከተማዋን በእግር ዞርን። እ.ኤ.አ. ከ1550 እስከ 1557 የተሠራውን የሱለይማኒዬን መስጊድ አየን። በዙሪያው መድረሳዎች፣ ሐኪም ቤትና ለድኻና ለመንገደኛ የሚያበስል ወጥ ቤት ጭምር ነበረው። ይህን ሁሉ የሠራው ሲናን ራሱ የተቀበረው በግቢው ማዕዘን፣ በጣም ትንሽ በሆነች መቃብር ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ አያሶፍያ ሄድን። እ.ኤ.አ. በ537 በቤተ ክርስቲያንነት ተመርቆ፣ በ1453 መስጊድ ሆኖ፣ ከ1935 ጀምሮ ሙዚየም ከሆነ በኋላ በሐምሌ 2020 እንደገና ለሶላት የተከፈተ ነው። መግሪብን እዚያ ሰገድን።

ከሁሉ ይልቅ ያስቆመን ግን ጎብኚ የማይበዛበት አንድ ትንሽ መስጊድ ነው። ከቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ቅጥር ብዙም ሳይርቅ የሐጂ በሺር አጋ መስጊድ አለ። በሺር አጋ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በሐበሻ ምድር የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በባርነት ተወስደውና ተሰልበው ወደ ቤተ መንግሥት የተሸጡ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1717 እስከ 1746 ድረስ የሱልጣኑ የውስጥ ግቢ ሹም ሆኑ። የመካና የመዲና ወቅፎች በእጃቸው ሥር ነበሩ። በመዲናም በኢስታንቡልም መድረሳና ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች ዛሬም በሱለይማኒዬ ቤተ መጻሕፍት በስማቸው ተመዝግበው ይገኛሉ። መስጊዱ በር ላይ ቆመን ወደ አገር ቤት በሐሳብ ሄድን።

የአቡ አዩብ ጎረቤት

የመጨረሻው ቀን የአደራ ቀን ነበር። ሽማግሌው «ኤዩፕ ሱልጣን» ያሏቸው ታላቁ ሶሓባ አቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ተሰደው መዲና ሲገቡ ግመላቸው የተንበረከከችው በእርሳቸው ቤት አጠገብ ነበርና መስጊዱና ቤታቸው እስኪሠራ ድረስ ያስተናገዷቸው እርሳቸው ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምድር ቤት፣ አቡ አዩብና ባለቤታቸው በፎቅ ሳሉ አንድ ሌሊት የውኃ እንስራ ተሰበረ። ባልና ሚስቱ ውኃው ወደ ታች እንዳይንጠባጠብ ብለው የነበረቻቸውን አንዲት መደረቢያ አንሥተው አደረቁበት፤ እነርሱም ያለ ልብስ አደሩ። አንዲት ጠብታ እንግዳቸውን እንዳትነካ ነው። በዝናብ ስንበሰብስ ሰንብተን ይህን ታሪክ ስናስታውሰው ከዚያ በፊት እንዳልሰማነው ሆነ።

አቡ አዩብ በስተርጅና ወደዚህች ከተማ ከዘመተው የሙስሊሞች ሠራዊት ጋር መጥተው በከተማዋ ቅጥር አጠገብ አረፉ። መስጊዱ በመጀመሪያ የተሠራው ከተማዋ ከተከፈተች ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ አሁን ያለው እ.ኤ.አ. በ1800 እንደገና የታነጸው ነው። የሽማግሌውን ሰላምታ አደረስን፤ ለሁሉም ዱዓ አደረግን። ወጣቶች ሆይ፣ መቃብር ስንጎበኝ ለሟች ዱዓ እናደርጋለን እንጂ ከሟች እንደማንለምን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ከአቡ አዩብ መቃብር አጠገብ ደግሞ የበሺር አጋ መቃብር አለ። ሳያስቡ ያገኙትን የአገር ሰው እንደሚያዩ ሆነን ቆምን። በዚህች ሰዓት ወደ አሳባችን የመጣው ሹመታቸው አይደለም፤ እናታቸው ናቸው። አንድ ልጅ ከሐበሻ ምድር ተወስዶ ጠፋ። የት ገባ? ከማን ጋር ነው? በላ ወይስ ተራበ? ብላ የጠየቀች እናት ትኖራለች። መልስ የሚሰጣት ስልክ አልነበረም፤ ልጁም ሊልክላት ቢፈልግ ወሬ የሚያደርስ አያገኝም። እኛ ግን ስልኩ በኪሳችን ሳለ፣ እናታችን ያንኑ ጥያቄ በየምሽቱ እየጠየቁን፣ ለሦስት ጊዜ የሐሰት መልስ ሰጠናቸው።

ከመስጊዱ ግቢ ሳንወጣ ደወልን። ከመጀመሪያው ጀምሮ ብቻችንን እንደነበርን፣ ጎማው ሲፈነዳም፣ ስልኩ ሲጠፋም ማንም አብሮን እንዳልነበረ ነገርናቸው። ይቅርታም ጠየቅን። ጥቂት ዝም አሉ።

«አውቄዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ሰው ባለበት ቤት አንድ ሳል እንኳ ይሰማል። እኔ የምሰማው ያንተን ድምፅና የዝናቡን ድምፅ ብቻ ነበር።»

ታዲያ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅናቸው።

«ራስህ እስክትነግረኝ ነው። ስልክህ የጠፋ ዕለት ግን ዝምታዬን ረገምኩት። ማን ጋር ልደውል? ውሸትህ ያስጨነቀኝ እንጂ ያሳረፈኝ መሰለህ ልጄ?» አሉ። ቀጥለውም «ሆኖም ዱዓዬን ለሦስት ሰው ነው ያደረግሁት። የሁለቱ ድርሻ ለማን ደርሶ ይሆን?» አሉን።

የማደያውን ሽማግሌና የወንድማቸውን ልጅ ነገርናቸው። «እንግዲያው ሦስት ነበራችሁ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

በማግሥቱ ብስክሌቱን አንሸጠውም ብለን ለማደሪያው ጠባቂ ሰጠነው፤ እንደኛ ያለ ተማሪ ወይም መንገደኛ ከመጣ እንዲያውሰው አደራ አልን። ከሶኮሉ ፓሻ ድልድይ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ግን አንድ ሰው ቢሻገርበት ይበቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ እንቅልፍንና ምግብን የሚነሣ መከራ ስለሆነ ጉዳዩን የጨረሰ ሰው ወደ ቤተሰቡ ይፍጠን ብለው ማስተማራቸውን አስበን ሳንውል ሳናድር ወደ አገራችን በረርን።

ውድ ወጣቶች፣ ብትችሉ አገር እዩ፤ የሙስሊሞችንም ታሪክ በእግራችሁ ርገጡት። ባልንጀራ ይዛችሁ ብትሄዱ መልካም ነው። ብቻችሁን መሄድ ግድ ቢሆንባችሁ ግን ብቻችሁን መሆናችሁን የሚያውቅ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። ለወላጅ ዕረፍት ተብላ የምትነገር ውሸት ወላጅን እንደማታሳርፍ እኛ በዝናብ ውስጥ ተምረነዋል።

አላህ መንገደኞችን ሁሉ ለሚጠብቋቸው ቤተሰቦቻቸው በሰላም ያግባ። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ።